ከጋሼ ደረጄ ሠርግ በፊት ያለው ዘፈን

ቲጂዬ፣

የቪዲዮ ማጫወቻውን ሪሞት የት ነው ያስቀመጥሽው? ሶፋው ሥር ፈልጌ አጣሁት። ፍራሽሽ ሥርም፣ ሹራቦችሽ ያሉበት መሳቢያ ውስጥም የለም። ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት በነበረው ሳምንት «ያለእኔ እንዳታይ ደብቄዋለሁ» ብለሽኝ ነበር። እየቀለድሽ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት። ለካ የምርሽን ነው።

ከተለየሽን ሰባት ሳምንት ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ሳንነጋገር ቆይተን አናውቅም። በርክ ከተማ እትዬ አልማዝ ዘንድ አንድ ሳምንት የሰነበትሽ ጊዜ እንኳ በየቀኑ ኮል እያደረግሽ ጥርሴን መቦረሼን ትጠይቂኝ ነበር። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ጓደኞቼ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰሙሽ ነበር። አሁን አሥራ ስድስት ሞልቶኛል፣ አባዬን በቁመት በልጬዋለሁ፣ ማሙሽ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ግን የለም። ስትጠሪኝ ስናደድ የኖርኩበት ስም እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በአማርኛ የምጽፍልሽ እማዬም እንድታነበው ስለምፈልግ ነው። ደግሞም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ስታስተምሪን የእኔን ደብተር ከሁሉም አብልጠሽ በቀይ እስክሪብቶ ታቀልሚው ነበር። «ወንድሜ ስለሆነ አላዝንለትም» ብለሽ ለክፍሉ በሙሉ ተናግረሻል። ያ ቀይ እስክሪብቶ ነው ዛሬ ይህን የሚያስጽፈኝ። ስህተት ካገኘሽበት ለዛሬ እለፊው።

ቤቱ እስከ አርባሽ ድረስ ሰው አልተለየውም። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከጌይተርስበርግም፣ ከአሌክሳንድሪያም የማውቀውና የማላውቀው ሰው ሲመጣ ሲሄድ ነበር። እትዬ አልማዝ የአንቺ አልጋ ላይ ተኙ። ከአንቺ የበለጠ ያንኮራፋሉ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንቺ ግን መንገር ነበረብኝ፤ አንኮራፊ እኔ ብቻ እመስልሽ ነበርና። ባለፈው እሑድ ዕቃቸውን ሸክፈው ሄዱ፣ ፍራሾቹም ተነሱ። አባዬ አርሊንግተን ወደ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ሥራው ተመልሷል። እማዬም መጦሪያ ቤቱ የጠዋት ሺፍቷን ጀምራለች። የአንቺን ካፖርት ለብሳ ትሄዳለች። እጅጌው ያጥራታል፣ አዲስ እንግዛልሽ ስንላት ግን አትሰማም።

አሁን ስለ ካሴቱ ልጻፍልሽ። ሁሉንም ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልናገረው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻው ላይ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።

እማዬ ያንን የድሮ ፊልም ከቴሌቪዥን የቀዳችው እንግሊዝኛ እንድንማርበት ነበር። «ስድብ የሌለበት ንግግር ነው፣ ከዚህ ተማሩ» ትለን ነበር። ፊልም ከመሆኑ በፊት መድረክ ላይ ብዙ ዓመት የታየ ሙዚቃዊ ቲያትር እንደሆነ ያኔ አናውቅም። እኛ የምናውቀው በአንዲት ትንሽ ከተማ ባቡር ጣቢያ መስኮት ላይ ተቀምጣ ትኬት የምትሸጠውን ልጅና፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ፒያኖ የሚያስተካክለውን ሰውዬ ነው። ሰውየው አንድ ፒያኖ ሊሠራ መጥቶ ባቡር ያመልጠዋል፣ ከዚያ ሌላም ያመልጠዋል፣ በኋላ ሆን ብሎ ያመልጠዋል። በየመሀሉ ይዘፍናሉ። አንቺ ስድስት ዓመትሽ፣ እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እማዬ የመኝታ ሰዓት ደረሰ ብላ አጠፋችብን፣ ቅጂውም እዚያው ቆመ።

በማግስቱ ጋሼ ደረጄ የሠርጉን ካሴትና ሁለተኛ ማጫወቻ ተሸክሞ ከአሌክሳንድሪያ መጣ። ለእኛም አንድ ቅጂ ሊያስቀርልን ነበር። ማጫወቻው ውስጥ ያገኘውን ካሴት ባዶ ነው ብሎ እዚያው ላይ፣ ከቆመበት ቦታ ጀምሮ ቀዳው። እማዬ ወንድሟን ያን ቀን የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ስለዚህ የእኛ ፊልም እንዲህ ነበር የሚያልቀው፦ ባቡሩ ቆሟል። ሰውየው አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጓል። ልጅቷ የትኬት መስኮቷን ዘግታ እየሮጠች ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ አፏን ትከፍታለች፤ ከአፏም እልልታ ይወጣል። ከበሮው ይቀጥላል፣ ጋሼ ደረጄም በነጭ ሱፍ አዳራሹ ውስጥ ይገባል።

እማዬ ልብስ እያጠፈች ስለምታይ እንግሊዝኛውን የምታስተረጉመው ለአንቺ ነበር። አንድ ቀን «እና መጨረሻው ምን ሆነ?» አለችሽ። አንቺም ቴሌቪዥኑ ላይ ወደ ሙሽሮቹ ጠቆምሽና «ይኸው፣ ተጋቡ» አልሻት። እስኪያማት ሳቀች። ግን አመነችበትም መሰለኝ። ከዓመታት በኋላ ሥራ ቦታ ስለዚያ ፊልም ሲወራ ተጋቡ ብላ ስትከራከር ውላ መጣች። «ፈረንጆቹ ፊልም ሳይጨርሱ ነው የሚተኙት» አለችን። ሁለታችንም እውነቱን ልንነግራት አልቻልንም፣ ምክንያቱም እኛም አናውቀውም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆንሽ ከላይብረሪ የመድረኩን ቲያትር ዘፈኖች ተውሰሽ መጣሽ። ከሲዲው ጋር ትንሽ መጽሐፍ ነበር። የዘፈኖቹ ደራሲዎች ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ከዚያ አወቅን። አንደኛው ቃሉን ይጽፋል፣ ሁለተኛው ዜማውን ይሠራል። ፎቶግራፋቸው ላይ አንዱ ፒያኖ ላይ ተቀምጧል፣ ሌላው ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስኮት ያያል። ቃል ጸሐፊው መጀመሪያ ቤቱ ሆኖ ይጽፍና ይልካል ይላል። ጓደኛው ዜማውን እስኪጨርስ ድረስ ፒያኖው ያለበት ክፍል ዝር አይልም። ያንን ሁለት ጊዜ ጮክ ብለሽ አነበብሽልኝና «እኔ ቃል፣ አንተ ዜማ» ብለሽ ደመደምሽ። ጥያቄም አልጠየቅሽኝም። ከጎረቤት ያገኘናት አንድ ቁልፏ የማይጮኸው ኪቦርድ ስለነበረችኝ ብቻ ዜማ ሠሪ ሆንኩ።

መጽሐፉ ላይ የመጨረሻው የጣቢያው ዘፈን አልነበረም። መድረክ ላይ ልጅቷ ወጥታ ዝም ብላ ትቆማለች፣ ባቡሩ ይሄዳል፣ መጋረጃው ይዘጋል። ለፊልሙ ግን አዲስ ዘፈን ተሠርቶላታል ይላል፣ ስሙን እንኳ አልጻፉትም። እኔ ፊልሙን እንዋስ ስልሽ እምቢ አልሽ። «የእኛን ሳንጨርስ የእነሱን አናይም» ብለሽ በትንሽ ጣትሽ አስማልሽኝ። ለእማዬ የሚገባት መጨረሻ በአማርኛ እንጽፍላታለን፣ ሦስት ስንኝ፣ እያንዳንዱ ሁለት መስመር፣ ከዚያ በላይ አይሆንም።

ከሦስት በላይ ያልሆነበትን ምክንያት ሌላ ሰው ቢሰማ አያምንም። ማጫወቻችን ቆሞ መቆየት አይችልም። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ፖዝ እናደርገዋለን፣ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ደቂቃ ይቆማል፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ራሱ ይቀጥላል። ዘፈናችን እሷ አፍ ውስጥ መግባት ያለበት በዚያች ጊዜ ነው። ሲረዝምብን እልልታው መሀል ላይ ይገባና «ተቀደምን!» ብለሽ ወለሉ ላይ ትዘረጊያለሽ። ያኔ አንድ ቃል ትሰርዣለሽ፣ እኔም አንድ የዜማ ድግግሞሽ እቆርጣለሁ። እኔ ስሠራ አንቺ እንደዚያ ሰውዬ ከክፍሉ ትወጫለሽ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ኩሽና ውስጥ ጆሮሽን በሁለት ጣትሽ ደፍነሽ ትቆሚ ነበር። አባዬ አንድ ቀን እንደዚያ ሆነሽ አግኝቶሽ «እንዲህ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» ብሎ ጠየቀሽ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ስትጽፊ ገና ልጅ ነበርሽ፣ ግን እስከ ዛሬ የሚበልጠው አላየሁም፦

ለሄደው በሙሉ ትኬት ስሸጥ ኖሬ፣
ለእኔ አንድ ሳልቆርጥ ደረሰ ባቡሬ።

ሁለተኛው ብዙ ዓመት ቆየ። ትምህርት በዛብሽ፣ ኮሌጅ ገባሽ፣ ካሴቱንም ረሳነው። ከታመምሽ በኋላ ነው ያመጣሽው፣ የደም ካንሰር ነው የተባልን ሰሞን፦

መስኮቱን ዘግቼ ወጣሁ ከጓዳዬ፣
አንድ ደቂቃ ብቻ ጠብቀኝ ጌታዬ።

«ጌታዬ» በሚለው ስቄብሽ ነበር። ፒያኖ ጠጋኙን ጌታዬ የምትለው ከመቼ ወዲህ ነው አልኩሽ። «ባቡር ላይ የቆመ ሰው ስትለምን እንዲህ ነው የምትለው፣ አንተ ለምነህ አታውቅም» አልሽኝ።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ነው የተጣላነው። ሦስተኛው ትሳፈራለች ወይስ ትቀራለች የሚለውን መመለስ ነበረበት። እኔ ትሳፈር አልኩ። አንቺ ገና አላውቅም አልሽ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

ባለፈው መከር፣ ከትምህርት ቤት እረፍት በፊት በነበረው ሳምንት፣ የሙዚቃ መምህራችን ክፍል ውስጥ ፊልም ከፈተችልን። ገና የመጀመሪያው ሙዚቃ ሲጀምር አወቅሁት። መውጣት ነበረብኝ። መታጠቢያ ቤት ልሂድ ብል ማን ይከለክለኛል? ግን ተቀመጥኩ። ልጅቷ ስትሮጥ፣ ስትቆም፣ አፏን ስትከፍት፣ እልልታውን ጠበቅሁ። እልልታ አልመጣም። ዘፈነች። ሁለት ስንኝ ዘፈነች። ሦስተኛው ላይ አፏን ዘጋች፣ ዜማውን ኦርኬስትራው ብቻ ተጫወተው። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ፣ ጭሱ ጣቢያውን ሸፈነው፣ ጭሱ ሲገለጥ ባቡር መሳፈሪያው ላይ ማንም የለም። በቃ፣ እንዲህ ነው የሚያልቀው።

መምህሯ ከዚያ ምክንያቱን ነገረችን። ቃል ጸሐፊው ፊልሙ ሲዘጋጅ ታሞ ነበር። ሁለት ስንኝ ልኮ ሦስተኛውን ሳይልክ ሞተ። የፊልሙ ባለቤቶች ሌላ ጸሐፊ እናምጣ ሲሉ ዜማ ሠሪው አይሆንም አለ። ሦስተኛው ያለ ቃል ይሂድ አለ።

በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት ቀጥታ ሆስፒታል መጣሁ። ፊቴን አይተሽ «ምን ሆነሃል ማሙሽ?» አልሽኝ። ክፍል ውስጥ ያንን ፊልም አሳዩን አልኩሽ። ከትራስሽ ቀና አልሽ። «አየኸው? ጨረስከው?» አልሽኝ። እኔም የለም፣ ደወል ተደወለ አልኩሽ።

ቲጂዬ፣ ደወል አልተደወለም። መሐላችንን አፍርሼ ነበር፣ ያ አንድ ነው። ሁለተኛውና የባሰው ግን ያየሁትን ልነግርሽ አለመቻሌ ነው። አንቺ ቃል ጸሐፊዋ ነበርሽ፣ ክንድሽ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ሁለት ስንኝ ጨርሰሽ ሦስተኛው ይቀርሽ ነበር። እንዴት አድርጌ ነው የምነግርሽ? እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ዋሽቼሽ ቆየሁ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ይህ ነው ደረቴ ላይ የተቀመጠው።

ያን ቀን ትኩር ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ «ጥሩ፣ እንግዲያው የእኛን እንጨርስ። ለዛሬ አንተ ቅደም፣ ዜማውን ሥራና አምጣልኝ፣ ቃሉን እኔ እከተላለሁ» አልሽኝ። ከዚያ በፊት ዜማ ቀድሞ አያውቅም። ሠርቼ ኪቦርዷን በጀርባ ቦርሳዬ ይዤ መጣሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ተጫወትኩልሽ። ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣቶችሽ ብርድ ልብሱ ላይ የስንኙን ቀለም ትቆጥሪ ነበር፣ ስድስት፣ ደግሞ ስድስት። ሦስት ጊዜ አስደገምሽኝ። «ሊገባበት ነው፣ አትቸኩለኝ» አልሽ። ስለ ዘፈናችን ያወራነው ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነበር።

በአርባሽ ቀን ሰው ሲበተን እማዬ ጠራችኝና «ያቺን የእናንተን ዘፈን ጨርስና አሰማኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ደብተር ሞልቻለሁ። ቤት የሚመታ አጥቼ አይደለም፣ ይመታል። ግን ልጅቷ እኔ የጻፍኩላትን ስትናገር ሌላ ሰው ትሆናለች። አንዱን ለጋሼ ደረጄ አነበብኩለት። «ጎበዝ ነህ፣ ግን ይቺ ቲጂ አይደለችም» አለኝ። አሁንም ስለ ካሴቱ ጸጸት አለበት። ፊልሙን በዲቪዲ ገዝቶልን እንደታሸገ ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል። አልከፍተውም።

አሁን ግን ለእማዬ ምን እንደማሰማት ወስኛለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለቱን ስንኝ እዘፍንላታለሁ፣ ሦስተኛውን ኪቦርዷ ብቻ ትጫወተዋለች። ተሳፈረች ወይ ብላ ከጠየቀችኝ ቲጂ ገና አልወሰነችም እላታለሁ። ሦስተኛው ስንኝ የአንቺ ነው። እስከምችለው ድረስ፣ ሽማግሌ ሆኜም ቢሆን፣ እንዲሁ ክፍቱን እይዘዋለሁ። ማንም እንዲሞላው አልፈቅድም፣ እኔም ብሆን አልሞላውም። ዜማውን በተጫወትኩ ቁጥር ጣቶችሽን ብርድ ልብሱ ላይ አያቸዋለሁ። ቃል የምገባልሽ ይህንን ነው።

ይህን የወሰንኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻዬን የሆንኩበት ጠዋት ነበር። መንገዱ በረዶ ስለያዘ ትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል ተባለ። አባዬ ቀድሞ ወጥቷል። እማዬ ካፖርትሽን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ «ብቻህን ትሆናለህ?» አለችኝ። እንደ ልማዴ በእንግሊዝኛ ደህና ነኝ አልኳትና ሄደች።

ከዚያ ልታጠብ ሄጄ የመታጠቢያ ቤቱን በር አንኳኳሁ። ሁለት ጊዜ። «ቆይ!» እስክትዪኝ ድረስ ትንሽ ጠበቅሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ፊቴን ሳልታጠብ ሳሎን ተመለስኩ። ሪሞቱን ስላጣሁት ማጫወቻው ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጬ በእጄ ነካካሁት። ካሴቱ ውስጡ ነበር። ልጅቷ መስኮቷን ዘጋች፣ ሮጠች፣ ቆመች፣ አፏን ስትከፍት ፖዝ አደረግሁት። ኪቦርዷን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ዘፈንኩ። ሁለተኛውን ዘፈንኩ፣ «ጌታዬ» የሚለውን ሳልስቅ። ሦስተኛውን ዝም ብዬ ተጫወትኩት፣ ያ የማይጮኸው ቁልፍ ጋ ስደርስ እንደ ድሮው እየዘለልኩ። የመጨረሻውን ቁልፍ ተጭኜ ሳልለቀው ማጫወቻው ራሱ ቀጠለ፣ እልልታውም መጣ። አልተቀደምንም ቲጂዬ፣ ልክ ነበር የገባው።

አጠፋዋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን ከሙሽሮቹ ፊት አንቺ ገባሽ። ስድስት ዓመትሽ ነው፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ የአበባ ቅርጫት ይዘሻል። አበባውን እየበተንሽ ትመጪና መሀል ላይ ሐሳብሽን ቀይረሽ የበተንሽውን መልሰሽ ትለቅሚያለሽ። ሙሽሮቹ ቆመው ይጠብቁሻል። እማዬ እኔን አዝላ ከጎን ሆና በእጇ ነይ፣ ነይ ትልሻለች። አንቺ ግን ሁሉንም ለቅመሽ እስክትጨርሺ ቀና አላልሽም።

ካሴቱ እስኪያልቅ አየሁት። ከዚያ ልጅቷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ወዳለው ቦታ መልሼ አጠነጠንኩት፣ ቦርሳዬን አንስቼ በበረዶው ላይ ቀስ እያልኩ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።

ወንድምሽ፣
ማሙሽ